ዳታው ቢያልቅም መብራት ቢሄድም፦ ከቤታችሁ ላፕቶፕ ለኦፕን ሶርስ መሥራት

ባለፈው እሁድ ማታ አንድ ጎረቤታችን ላፕቶፑን ታቅፎ በሬን አንኳኳ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። «ጋሼ፣ ዳታዬ አለቀ። ከሰዓት በኋላ የሠራሁት ሁሉ ጠፋ ማለት ነው?» አለኝ። ከፍቼ አየሁለት። በጊት፣ የኮድ ለውጥን በሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ሦስት ኮሚት አድርጓል (ለውጡን ላፕቶፑ ላይ መዝግቧል)፤ አንዱንም ፑሽ አላደረገም (ወደ ኢንተርኔት አልላከም)። ምንም አልጠፋም። ሦስቱም እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ይህን ስነግረው እፎይ አለ። ስንቱ ልጅ ይህን አንድ ነገር ባለማወቁ ብቻ እንደሚተወው ሳስብ ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

እኛ ቱሉ ዲምቱ ነን፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ኔትወርክ የሚሻለው በኩሽናው መስኮት በኩል ነው። መብራት ሳይታሰብ ይሄዳል፣ ሳይታሰብ ይመጣል። ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነና ማንም ሊያሻሽለው የሚችል ሶፍትዌር፣ «መሃል ከተማ ቢሮ ውስጥ ዋይፋይ ላለው ሰው ነው» የሚል ነገር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አልስማማም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሠራው የሊኑክስን ከርነል (የሲስተሙን ልብ) ለሚሠሩት ሰዎች ነበር፤ እነሱ ደግሞ በየአገሩ ተበትነው የሚሠሩ ሰዎች ስለሆኑ እያንዳንዱ ሰው የፕሮጀክቱን ኮድ ከነታሪኩ በራሱ ማሽን ላይ እንዲይዝ አድርጎ ነው ያዘጋጀው። ኮሚት፣ ብራንች (ለብቻ የሚሠሩበት የኮዱ ቅርንጫፍ)፣ ዲፍ (የተቀየረውን ማሳያ)፣ ሎግ (የኮሚቶች ዝርዝር)፣ ሁሉም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኔትወርክ የሚያስፈልጋችሁ ስታወርዱና ስትልኩ ነው። መሃል ያለው ረጅሙ ሥራ የእናንተና የባትሪያችሁ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ከታች የምነግራችሁ በዚህ መንገድ የተቃኘ ነው፦ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት የሚወርደውን ሁሉ አውርዶ፣ ከዚያ ተረጋግቶ መሥራት። ትእዛዞቹን በራሳችን ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

የትኛው ፕሮጀክት ላይ?

ራሳችሁ የምትጠቀሙበት ላይ። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። የማታውቁት ትልቅ ፕሮጀክት ውስጥ ገብታችሁ «ምን ልሥራ?» ከማለት፣ በየቀኑ የምትከፍቱት መሣሪያ ላይ ያናደዳችሁን ነገር ማስተካከል ይቀላል። ችግሩን ታውቁታላችሁ፣ መስተካከሉንም ታውቃላችሁ።

ደግሞ እኛ ብቻ የምናየው ስህተት አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት መስፈርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ግን ፊደሉ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ሶፍትዌሩ በትክክል መያዙ ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው «ፀሐይ» ብሎ የጻፈውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሌላ ሰው እንዲያገኘው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ የሚፈልግ ኮድ ያስፈልጋል። አራት ነጥብን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ መሆኑን የማያውቅ ጽሑፍ ቆራጭ ፕሮግራም ሙሉ አንቀጽን እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወስዳል። ሰዓታችን ከጠዋት ነው የሚጀምረው። ወራችን 13 ነው። ይህን ሁሉ ሌላ አገር ያለ ሰው ከመጽሐፍ ያነበዋል፤ እኛ ኖረንበታል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ምሳሌ የምጠቀመው ራሴ የሠራሁትን ነው። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ቀን የሚቀይር አንድ ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) አለ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023ን ስጠይቀው «መስከረም 1 ቀን 2016» አለኝ። ልክ አይደለም። ያ ቀን ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ነበር፤ አዲስ ዓመት የገባው በማግስቱ ነው። ኮዱን ስከፍተው የጻፈው ሰው ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ጳጉሜ 6 ትሆናለች ብሎ ነው የወሰደው፣ እንደ ፈረንጁ ፌብሩዋሪ። አያቴ ግን «ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው» ይሉ ነበር። ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ብላችሁ ብትቆጥሩ ሉቃስ ሦስተኛ ነው፤ ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር ነው። 2015ን አካፍሉት፣ 3 ይቀራል። የማስተካከያው ኮድ አንድ ቁጥር መቀየር ነበር። አንድ ቁጥር! ግን እዚያ ላይብረሪ ውስጥ ያን ቁጥር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ፕሮጀክት ከመረጣችሁ በኋላ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ በስልክ የምታዩት ነገር አለ። የመጨረሻው ኮሚት መቼ ነው? ሰዎች የላኩት ፑል ሪኩዌስት («ለውጤን ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ) መልስ ያገኛል ወይስ ለወራት ተከምሯል? የፈቃድ ፋይል አለው? «ኮንትሪቢዩቲንግ» የሚል ፋይል ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ እዚያ ውስጥ የሚፈልጉትን ሁሉ ነግረዋችኋል። «ጉድ ፈርስት ኢሹ» የሚል ምልክት የተለጠፈባቸው ኢሹዎች (የተመዘገቡ ችግሮችና ጥያቄዎች) ለጀማሪ የተተዉ ናቸው። የምትሠሩትን ስትመርጡ ኢሹው ሥር በአጭሩ «ይህን እየሠራሁ ነው፣ በዚህ መንገድ ላስተካክለው አስቤያለሁ» ብላችሁ ጻፉ። መንገዱን መናገራችሁ ይጠቅማችኋል፤ ሐሳቡ የማያስኬድ ከሆነ ሳትደክሙ በፊት ይነግሯችኋል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስም ለማስመዝገብ ብቻ ብላችሁ «ሪድሚ» ፋይል ላይ አንድ ቃል ቀይራችሁ አትላኩ። እ.ኤ.አ. በ2020 በሃክቶበርፌስት (በየዓመቱ በኦክቶበር ሰዎች ለኦፕን ሶርስ እንዲሠሩ የሚያበረታታ ዝግጅት) ጊዜ እንዲህ ያለ ፑል ሪኩዌስት ስለበዛ ፕሮጀክት የሚይዙት ሰዎች ተማረሩ፣ አዘጋጆቹም ፈቃደኛ የሆነ ፕሮጀክት ብቻ እንዲሳተፍ ደንቡን ቀየሩት። እውነተኛ የፊደል ግድፈት ካገኛችሁ ግን ላኩ፣ ያ ሥራ ነው።

ኔትወርክ ባለበት ሰዓት

ቤታችን አካባቢ ማለዳና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሻላል። የእናንተን ሰፈር እናንተ ታውቁታላችሁ። የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ያን ሰዓት ለማውረድ ጠብቁት። ከሁሉ በፊት ግን፣ ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ከሆነ የስልካችሁን ሆትስፖት «ሚተርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የሚቆጠብ ኔትወርክ) አድርጉት። ይህን ካላደረጋችሁ አፕዴቱ ጥቅላችሁን በልቶ ለእናንተ የሚተርፍ ነገር ላይኖር ይችላል።

ጊትን ጫኑ። ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ጊት» ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ጊት ፎር ዊንዶውስን አውርዱ። ከዚያ ስማችሁንና ኢሜላችሁን በ«ጊት ኮንፊግ --ግሎባል» አስገቡ። ኢሜሉ ላይ ቆም በሉ። እያንዳንዱ ኮሚት ላይ ይጻፋል፣ ማንም ሰው ሊያየው ይችላል፣ አንዴ ከገባ በኋላ ማውጣት በጣም ከባድ ነው። የግል ኢሜላችሁ እንዲታይ ካልፈለጋችሁ ጊትሃብ (ፕሮጀክቶቹ የሚቀመጡበት ድረ ገጽ) ሴቲንግ ውስጥ «ኖሪፕላይ» የሚል አድራሻ ይሰጣችኋል፣ እሱን ተጠቀሙ።

ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2021 ጀምሮ ኮድ ለመላክ የአካውንት ፓስዎርድ አይቀበልም። ስለዚህ በፓስዎርድ ፈንታ የኤስኤስኤች ቁልፍ (ማንነታችሁን የሚያረጋግጥ ፋይል) ያስፈልጋችኋል። «ኤስኤስኤች-ኪይጄን -ቲ ኢዲ25519» ስትሉ ሁለት ፋይል ይወጣል። «ፐብ» የሚል መጨረሻ ያለውን ጊትሃብ ላይ ለጥፉት። ሌላኛው የእናንተ ብቻ ነው፤ ለማንም አትስጡ፣ በቴሌግራም ለራሳችሁም ቢሆን አትላኩ። አንዳንድ የግቢና የቢሮ ዋይፋይ ኤስኤስኤች የሚሄድበትን 22 ቁጥር ፖርት ይዘጋል። እንዲህ ከገጠማችሁ ጊትሃብ በ443 ፖርትም ስለሚቀበል፣ የኤስኤስኤች ኮንፊግ ፋይላችሁ ውስጥ አድራሻውንና ፖርቱን መቀየር ብቻ ነው።

አሁን ፎርክ አድርጉ፤ ማለትም የፕሮጀክቱን ቅጂ በራሳችሁ አካውንት ሥር አስቀምጡ። ከዚያ ክሎን፣ ማለትም ቅጂውን ወደ ላፕቶፓችሁ ማውረድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር አለ። ጊት ክሎን መሃል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። 90 በመቶ ላይ ኔትወርክ ሲሄድባችሁ ያ ሁሉ ዳታ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመጨረሻውን ሁኔታ ብቻ አውርዱ፦ «ጊት ክሎን --ዴፕዝ 1»፣ ከዚያ የፎርካችሁ አድራሻ። ትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ልዩነቱ በጣም ሰፊ ነው። የድሮው ታሪክ ካስፈለጋችሁ «ጊት ፌች --ዲፕን 100» እያላችሁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትጨምራላችሁ፤ አንዱ ቢቋረጥ የምታጡት ያንን ብቻ ነው። «--ፊልተር» የሚባል ሌላ መንገድም አለ፣ ግን ያ የቀረውን ፋይል ባስፈለገ ቁጥር ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ለእኛ ሁኔታ አይመቸኝም።

ወዲያው የዋናውን ፕሮጀክት አድራሻም ጨምሩ፦ «ጊት ሪሞት አድ አፕስትሪም»፣ ከዚያ አድራሻው። «ኦሪጂን» የእናንተ ፎርክ ነው፣ «አፕስትሪም» ዋናው ነው። ከአፕስትሪም ታወርዳላችሁ፣ ወደ ኦሪጂን ትልካላችሁ።

ኮዱ ወረደ ማለት ግን ሥራው ይጀመራል ማለት አይደለም። ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸው ሌሎች ላይብረሪዎች አሉ። ፓይተን ከሆነ «ቬንቭ» (ለዚያ ፕሮጀክት ብቻ የሚሆን የፓይተን ቦታ) ከፍታችሁ በ«ፒፕ ኢንስቶል» ጫኗቸው። ኖድ ከሆነ «ኤንፒኤም ሲአይ» ነው፣ ግን ይህ ትእዛዝ የተጫነውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ እንደሚጭን እወቁ። ሁለተኛ ጊዜ ስታደርጉት «--ፕሪፈር-ኦፍላይን» ጨምሩበት፣ ላፕቶፑ ላይ የቀረውን ቅጂ መጀመሪያ ያያል። የመማሪያ ሰነዱንም አትርሱ። ዴቭዶክስ በሚባለው የሰነድ ድረ ገጽ ላይ የምትሠሩበትን የፕሮግራም ቋንቋ መርጣችሁ ለኦፍላይን አስቀምጡ። መሃል ላይ አንድ የፈንክሽን ስም ስትረሱና ኔትወርክ ሳይኖር ሲቀር ታመሰግኑኛላችሁ።

እና ኔትወርኩ ገና ሳይሄድ የፕሮጀክቱን ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) በሙሉ አንድ ጊዜ አስኪዱ። ምንም ሳትነኩ። ይህን የምላችሁ በሁለት ምክንያት ነው። የጎደለ ነገር ካለ አሁን ይታያል፣ አሁን ደግሞ ማውረድ ትችላላችሁ። ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያውም የሚወድቅ ቴስት ካለ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ አትሠቃዩም።

ፍላሽ ያለው ጓደኛ

ፕሮጀክቱ በጣም ትልቅ ከሆነና መሃል ከተማ ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ጓደኛ ካላችሁ፣ ፊልም በፍላሽ እንደምንቀባበለው ኮድም በፍላሽ መቀባበል ይቻላል። እሱ ሙሉውን ክሎን ያደርግና «ጊት ባንድል ክሪዬት ፕሮጀክት.ባንድል --ኦል» ይላል። ኮዱ ከነታሪኩ አንድ ፋይል ይሆናል። እናንተ ቤት ስትደርሱ «ጊት ክሎን ፕሮጀክት.ባንድል» ትላላችሁ፣ ልክ ከኢንተርኔት እንዳወረዳችሁት። ከዚያ በ«ጊት ሪሞት ሴት-ዩአርኤል ኦሪጂን» ትክክለኛውን አድራሻ ታስገባላችሁ። ከዚያ በኋላ ከኢንተርኔት የምታወርዱት አዲሱን ብቻ ነው።

በተቃራኒውም ይሠራል። ሥራችሁ አልቆ መላክ ካልቻላችሁ «ጊት ባንድል ክሪዬት ሥራዬ.ባንድል ሜይን..ጳጉሜ-6» ብላችሁ የእናንተን ብራንች ብቻ ለይታችሁ ታወጣላችሁ (ሜይን ዋናው ብራንች ነው፣ ጳጉሜ-6 የእኔ ብራንች ስም ነው)። ፋይሉ ትንሽ ስለሚሆን በቴሌግራም ራሱ ይሄዳል። የሚቀበለው ሰው የዋናውን ብራንች ተመሳሳይ ኮሚት መያዝ አለበት፣ ያኔ «ጊት ፌች» አድርጎ ያስገባዋል።

ሥራው

ሜይን ብራንች ላይ አትሥሩ። «ጊት ስዊች -ሲ» ብላችሁ፣ ትንሹን ሲ ተጠቅማችሁ፣ አዲስ ብራንች ክፈቱ። ስሙ አጭርና ሥራውን የሚናገር ይሁን። አንድ ብራንች፣ አንድ ጉዳይ።

እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ቴስቱን ነው። «ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሲሰጥህ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 መልስ» የሚል። አስኬድኩት፣ ወደቀ። ጥሩ፣ ስህተቱ እውነት መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ ማግስቱን ጨመርኩ፣ ሴፕቴምበር 12 መስከረም 1 ቀን 2016 መሆን አለበት። ተራ ዓመትም ጨመርኩ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 መስከረም 1 ቀን 2015 ነው፣ ይህ እንዳይበላሽ። ወደፊትም አየሁ፣ የሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ 2019 ነው፣ ጳጉሜ 6 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ይውላል። አራቱን ከጻፍኩ በኋላ ነው ያቺን ቁጥር የቀየርኳት። ሁሉም አለፈ። ቴስት መጻፍ ጊዜ ማባከን የሚመስላችሁ ካላችሁ እንዲህ አስቡት፦ እናንተን የማያውቅ ሰው፣ ዘመነ ሉቃስ ምን እንደሆነ ሰምቶ የማያውቅ ሰው፣ ኮዳችሁን አምኖ እንዲቀበል የሚያደርገው ቴስቱ ነው።

ከኮሚት በፊት «ጊት ዲፍ» ብላችሁ የቀየራችሁትን መስመር በመስመር እዩ። አንድ መስመር ነክታችሁ ሙሉው ፋይል ተቀየረ ካላችሁ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው የመስመር መጨረሻ ምልክት ነው፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ በተለያየ መንገድ ስለሚጽፉት ኤዲተራችሁ ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ኤዲተራችሁ ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ኮዱን በራሱ መንገድ እያስተካከለው ነው። «ጊት ሪስቶር» ብላችሁ ፋይሉን መልሱ፣ ያን ሴቲንግ አጥፉ፣ የእናንተን መስመር ብቻ እንደገና ጻፉ። ይህን ሳያጸዳ የሚልክ ሰው ገምጋሚው ስድስት መቶ መስመር ውስጥ አንድ ቃል እንዲፈልግ ያስገድደዋል። እባካችሁ አታድርጉት።

«ጊት አድ -ፒ» ደግሞ የምወደው ትእዛዝ ነው። ለውጡን ቁራጭ በቁራጭ እያሳየ «ይህ ይግባ? ይህስ?» ይላችኋል። ለሙከራ የጻፋችሁት ፕሪንት ተረስቶ ሳይገባ የሚቀረው በእሱ ነው።

የኮሚት መልእክት የመጀመሪያው መስመር አጭር ይሁን፣ 50 ፊደል ገደማ። ምን እንደተደረገ ይናገር። ከዚያ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ለምን እንደሆነ። ለምኑ ነው ዋናው፣ ምኑን ኮዱ ራሱ ያሳያል። እኔ እዚያ ላይ ዘመነ ሉቃስን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳሁ። በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፣ ፕሮጀክቱ የሚግባባው በዚያ ስለሆነ። እንግሊዝኛችሁ አይጨንቃችሁ። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቀላል ቃል። አብዛኛው ተሳታፊም አፉን የፈታው በእንግሊዝኛ አይደለም። አንዳንድ ፕሮጀክት በኮሚቱ መጨረሻ ላይ ስማችሁን እንድትፈርሙ ይፈልጋል፣ ያን ጊዜ «ጊት ኮሚት -ኤስ» ይጨምርላችኋል።

መብራት ሲሄድ

ቶሎ ቶሎ ኮሚት አድርጉ። ላልጨረሳችሁትም ቢሆን። በኋላ ማዋሃድ ትችላላችሁ፣ ማንም አያየውም። ዴስክቶፕ ያላችሁ፣ ወይም ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በቻርጀር ብቻ የምትጠቀሙ ደግሞ በተለይ።

ጊት እየሠራ ሳለ መብራት ድርግም ካለ፣ ስትመለሱ ማንኛውንም ነገር ስትሞክሩ «ኢንዴክስ.ሎክ የሚባል ፋይል አለ» የሚል ስህተት ሊሰጣችሁ ይችላል። አትደንግጡ። ጊት ሥራ ሲጀምር በሩን የሚዘጋበት ፋይል ነው፣ ሲጨርስ ያጠፋዋል፣ መብራቱ ሲሄድ ግን ሳያጠፋው ቀረ። ሌላ ተርሚናል ወይም ኤዲተር ውስጥ ጊት እየሠራ አለመሆኑን አረጋግጡና «.ጊት» ከሚባለው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ያንን አንድ ፋይል ብቻ አጥፉት። ያንን አንድ ብቻ። በድንጋጤ ሙሉውን የ«.ጊት» ፎልደር ያጠፋ ልጅ አውቃለሁ፣ ያልተላከ የሁለት ሳምንት ኮሚቱ አብሮ ሄደ።

ኮሚት ያደረጋችሁት የጠፋ ሲመስላችሁ «ጊት ሪፍሎግ» በሉ። የት የት እንደነበራችሁ ሁሉ ይዘረዝርላችኋል፣ ከዚያ ቁጥሩን ወስዳችሁ መመለስ ነው። ኮሚት ያልተደረገ ነገር ግን እዚያ የለም። ለዚህ ነው ቶሎ ቶሎ የምላችሁ።

መላክ

ከመላካችሁ በፊት እናንተ ስትሠሩ ዋናው ፕሮጀክት ሄዶ ሊሆን ይችላል። «ጊት ፌች አፕስትሪም»፣ ከዚያ «ጊት ሪቤዝ አፕስትሪም/ሜይን»። ሥራችሁን አንስቶ በአዲሱ ላይ ያስቀምጠዋል። ግጭት ካለ ጊት ይቆምና ፋይሉን ያሳያችኋል፤ የእናንተንና የእነሱን አይታችሁ ትክክለኛውን አስቀሩ፣ «ጊት አድ»፣ «ጊት ሪቤዝ --ኮንቲኒው»። ከተደናገራችሁ «ጊት ሪቤዝ --አቦርት» ወደ ነበራችሁበት ይመልሳችኋል። ቴስቱን እንደገና አስኪዱ። ከዚያ «ጊት ፑሽ ኦሪጂን» እና የብራንቹ ስም። የምትልኩት የቀየራችሁትን ብቻ ስለሆነ በጣም ትንሽ ዳታ ነው። የእኔ የሄደው በኩሽናው መስኮት፣ በሁለት መስመር ኔትወርክ ነበር።

ፑል ሪኩዌስቱን ጊትሃብ ላይ ስትከፍቱ የሚሞላ ቅጽ ካለ ሙሉት፣ አትሰርዙት። ችግሩ ምን ነበር፣ ምን ቀየራችሁ፣ በምን አረጋገጣችሁ። ኢሹ ካለው «ፊክስስ» ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ፣ ሲቀበሉት ኢሹው በራሱ ይዘጋል። ገና ካላለቀ «ድራፍት» አድርጋችሁ ክፈቱት። ከዚያ የፕሮጀክቱ ኮምፒውተር ቴስቶቹን ራሱ ያስኬዳል፤ ቀይ ከሆነ ሰው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፣ ሎጉን ከፍታችሁ አንብቡ።

ከዚያ ትጠብቃላችሁ። ብዙዎቹ ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ልጅ አላቸው፣ ሥራ አላቸው፣ እኛ ስንነሳ የሚተኙም አሉ። አንድ ሁለት ሳምንት ዝም ካሉ በትሕትና አንድ መስመር ጻፉ። ሌላ ፑል ሪኩዌስት አትክፈቱ።

አስተያየቱ ሲመጣ አነጋገሩ ደረቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ሰላምታ የለው፣ «እንደምን ሰነበታችሁ» የለው፣ ቀጥታ «ይህን ቀይር»። ንቀት እንዳይመስላችሁ፣ የሥራ ልማዳቸው ነው። «ኒት» ብለው ከጀመሩ ጥቃቅን ነገር ነው ማለታቸው ነው። እኔን የጠየቁኝ «ይህ ደንብ ሁልጊዜ ነው ወይስ እንደ ፈረንጁ በየመቶ ዓመቱ የሚዘለል አለ?» ብለው ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው። የእኛ አይዘልም፣ በየ4 ዓመቱ ነው። ያንን ጻፍኩላቸው፣ ኮዱ ውስጥም ማብራሪያ አድርጌ ጨመርኩት። ያልተስማማችሁበት ነገር ካለም ምክንያታችሁን ተናገሩ፤ ስለ ጳጉሜ ከእነሱ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ማስተካከያውን እዚያው ብራንች ላይ አድርጋችሁ ፑሽ ብትሉ ፑል ሪኩዌስቱ በራሱ ይታደሳል። የድሮ ኮሚታችሁን ቀይራችሁ ከሆነ «ጊት ፑሽ --ፎርስ-ዊዝ-ሊዝ» ተጠቀሙ፣ ባዶውን «--ፎርስ» አትልመዱ። የመጀመሪያው ሌላ ሰው በመሃል የጨመረው ነገር ካለ እምቢ ይላል፣ ሁለተኛው ዝም ብሎ ይደመስሳል።

ሲቀበሉት ብራንቹን አጥፉ፣ ሜይን ላይ ተመልሳችሁ አፕስትሪምን ፌች አድርጉ፣ ፎርካችሁን አድሱ። ኔትወርኩ ገና ካለ የሚቀጥለውን ኢሹ ከፍታችሁ ሙሉውን ውይይት ሴቭ አድርጉት፣ ማታ የምታነቡት ይኖራችኋል። ያ ጎረቤቴ ሰኞ ጠዋት 50 ብር ዳታ ገዝቶ ሦስቱንም ኮሚት በአንዴ ላከ። አሁን መልስ እየጠበቀ ነው፣ እስከዚያው ግን ሁለተኛ ብራንች ከፍቶ የሀ እና የሐን ፍለጋ ጀምሯል።